የሞለኪውላር ላብ ሥራ ምንድን ነው? ከፒፔቱ ጀርባ ያለው ኃላፊነት

"ተመርቀን ስንወጣ ምን እንሠራለን?" የሚለው ጥያቄ በእኛ ዲፓርትመንት ከሦስተኛ ዓመት በኋላ ከአፍ አይጠፋም። መልሱም ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፤ ወይ መምህርነት ወይ "ሪሰርች"። ሪሰርች ሲባል ብዙዎቻችን በዓይነ ሕሊናችን የምናየው ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ጓንት ያጠለቀ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰ ሰው ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ምን ሲያደርግ እንደሚውል፣ ደመወዙ ከየት እንደሚመጣ፣ ኮንትራቱ መቼ እንደሚያልቅ ግን የሚነግረን የለም። የሥራ ማስታወቂያውም አይረዳም። "በሞለኪውላር ቴክኒክ ልምድ ያለው/ያላት፣ በቡድን መሥራት የሚችል/የምትችል" ይልና ያበቃል። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ተቋማት ስላለው የሞለኪውላር ባዮሎጂና የባዮሜዲካል ላብ ሥራ እስቲ ትንሽ እናውራ።

በመጀመሪያ ሥራው የት የት አለ? አገራችን ውስጥ በዚህ ዘርፍ አንጋፋ ከሚባሉት አንዱ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ አህሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አዲስ አበባ ውስጥ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ የሥጋ ደዌን ለማጥናት ያቋቋሙት ሲሆን ስሙን ያገኘው በ1873 የበሽታውን ባክቴሪያ ከለየው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ዛሬ የመንግሥት ተቋም ሆኖ ቲቢን፣ ወባንና ሌሎችንም ያጠናል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ ነው። አክሊሉ ለማ እንዶድ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ያስተዋሉት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ዓድዋ አካባቢ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። (ይህን ታሪክ የማያውቅ የባዮሎጂ ተማሪ ካለ ዛሬውኑ መምህሩን ይጠይቅ!) ከእነዚህ ሌላ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ፤ ጅማና ጎንደርን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎችም የራሳቸው ላቦች አሏቸው። የኮቪድ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? መጀመሪያ ላይ ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2020 ጀምሮ ግን ምርመራው እዚሁ መሠራት ጀመረ፣ በኋላም የዩኒቨርሲቲ ላቦች ገቡበት። ያን ሥራ ቀን ከሌት የሠሩት ብዙዎቹ እንደ እኛው ባዮሎጂ፣ ባዮቴክኖሎጂ ወይም ሜዲካል ላቦራቶሪ የተማሩ ወጣቶች ነበሩ።

የሥራው መጠሪያ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ላብ ቴክኒሺያን፣ ቴክኒካል አሲስታንት፣ ረዳት ተመራማሪ፣ ዳታ ሰብሳቢ ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ በግራጁዌት አሲስታንትነት ተቀጥሮ እያስተማሩ ላብ መግባትም አለ። ስሙ አያታላችሁ። "ረዳት ተመራማሪ" ተብሎ የተቀጠረ ሰው ዓመቱን ሙሉ ገጠር ለገጠር ናሙና ሲሰበስብ ሊውል ይችላል፤ "ቴክኒሺያን" የተባለችው ደግሞ ሙሉውን የጂን ትንተና ልትሠራ ትችላለች። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የሞለኪውላር ላብ ሥራ ከአንድ ብልቃጥ ወደ ሌላው ጠብታ ማዘዋወር ነው ብለው የሚያቃልሉት አሉ። እውነት ነው፣ እጅ የሚውለው እዚያ ላይ ነው። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ለማሳየት ከአገራችን አንድ ምሳሌ ልውሰድ።

በየጤና ኬላው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን የሚጠቀሙበት ፈጣን የወባ መመርመሪያ አለ። ጣት ይወጋና አንድ ጠብታ ደም ይደረግበታል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ተጠብቆ ይነበባል። አንዱ መስመር መመርመሪያው መሥራቱን ያሳያል፤ ሁለተኛው ከታየ ሰውየው ወባ ይዞታል ማለት ነው። ለብዙ ዓመታት በስፋት ያገለገሉት መመርመሪያዎች ፋልሲፓረም የሚባለውን ገዳዩን የወባ ተውሳክ የሚለዩት ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲኑን በመፈለግ ነው። ይህን ፕሮቲን እንዲሠራ የሚያደርገው ተውሳኩ ውስጥ ያለ በዚያው ስም የሚጠራ ጂን ነው።

እንግዲህ ጂኑ ጨርሶ የሌለው ተውሳክ ቢመጣስ? ጂኑ ከሌለ ፕሮቲኑ የለም፤ ፕሮቲኑ ከሌለ ሁለተኛው መስመር አይወጣም። ታማሚው በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ መመርመሪያው "ወባ የለም" ይላል፤ ሰውየውም መድኃኒቱን ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ የፈጠራ ወሬ አይደለም። እንዲህ ያለ ተውሳክ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ ተዘገበ፤ ቀጥሎ ጎረቤታችን ኤርትራ ውስጥ በብዛት ተገኘና አገሪቱ መመርመሪያዋን ቀየረች። እኛ ዘንድ ደግሞ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከአሜሪካው ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚያዋስኑን አካባቢዎች ከ12,000 በላይ ሰዎችን አካተው አጠኑ። ውጤቱ በ2021 ታተመ፤ በጂኑ መጥፋት ምክንያት መመርመሪያው ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶ የሚሆኑትን ያመልጠዋል የሚል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ቁጥሩ ከ5 በመቶ ሲያልፍ መመርመሪያው ይቀየር ይላል።

አሁን ነገሩን ከላብ ሠራተኛው ወንበር ላይ ሆናችሁ እዩት። ጂኑ መጥፋቱ የሚታወቀው እንዴት ነው? ከማጣሪያ ወረቀት ላይ ከደረቀው ደም ዲኤንኤ ይወጣል፤ በፒሲአር ጂኑ ይባዛል፤ ከዚያ ጄል ላይ ይሮጣል። ጂኑ ካለ ጄሉ ላይ መስመር ይታያል፤ ከሌለ ምንም አይታይም። ግኝቱ እንግዲህ "ምንም አላየሁም" ማለት ነው! ችግሩ ምንም የማይታይበት ምክንያት አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። ወረቀቱ በደንብ ሳይደርቅ ታሽጎ ዲኤንኤው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ኢንዛይሙ ምሳ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ሊሆን ይችላል። ፕራይመሩ ሳይጨመር ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ደሙ ውስጥ የነበሩት ተውሳኮች እጅግ ጥቂት ሆነውም ሊሆን ይችላል። ጄሉ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ባዶ ነው። የቸልተኛ ሠራተኛ ውጤትና አገር የሚያስደነግጥ ግኝት መልካቸው አንድ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የሠራተኛው ትልቁ ሥራ ባዶውን ነገር የሚታመን ባዶ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ናሙናው ውስጥ ማንኛውም የፋልሲፓረም ተውሳክ የሚኖረውን ሌላ ጂን ይፈልጋል። ያ ጂን ከወጣ ዲኤንኤው ደህና ነው፣ በቂም ነው ማለት ነው፤ ካልወጣ ናሙናው ስለ ኤችአርፒ2 ምንም እንዲናገር አይፈቀድለትም። ቀጥሎ አብረው የሚሮጡ ኮንትሮሎች አሉ። 3ዲ7 የተባለው የላብ ዝርያ ጂኑ አለው፣ ስለዚህ መስመር ማሳየት አለበት። ዲዲ2 የተባለው ጂኑ የለውም፣ ስለዚህ ባዶ መሆን አለበት። ዲኤንኤ ያልገባበት ውኃ ብቻ ያለበት ቱቦም ይጨመራል። ከእነዚህ አንዱ ከተዛባ የዚያን ቀን ሥራ በሙሉ ተጥሎ እንደገና ይጀመራል። የቀኑ ድካም ያሳዝናል፣ ሪኤጀንቱም ውድ ነው፤ ግን ሌላ መንገድ የለም።

ውኃ ብቻ ያለበት ቱቦ ለምን አስፈለገ ለምትሉ፣ ፒሲአር በእያንዳንዱ ዙር ዲኤንኤውን እጥፍ ያደርገዋል። አንድ ቅጂ ከ30 ዙር በኋላ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል፤ ካልኩሌተር አውጥታችሁ ሁለትን በራሷ እያባዛችሁ ሞክሩት። እንግዲህ ያለቀለት የፒሲአር ቱቦ ሲከፈት ዓይን የማያየው ብናኝ ቢወጣና ነገ በሚሠራው ናሙና ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚሆን አስቡ። ጂን የሌለው ተውሳክ ጂን ያለው ሆኖ ይታያል፤ የሚፈለገው ግኝት ይሸፈናል። ለዚህ ነው ጥሩ ላቦች ሪኤጀንት የሚዘጋጅበትን ክፍል፣ ዲኤንኤ የሚወጣበትን ክፍልና ፒሲአሩ ካለቀ በኋላ የሚሠራበትን ክፍል የሚለያዩት። ጉዞውም አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ጠዋት ከመጨረሻው ክፍል የገባ ሰው በዚያው ጋዋን ወደ መጀመሪያው ክፍል አይመለስም። አዲስ ሠራተኛ ይህ ሲነገረው "ምን ያህል ያጠብቁታል!" ብሎ ይገረማል። ከላይ ያለው ስሌት ከገባው ግን ራሱ በር ላይ ቆሞ ሌላውን ይከለክላል።

ከዚህ የተረፈው ቀን በምን ያልፋል ካላችሁ፣ በመጻፍ ነው። የላብ ደብተር በእርሳስ አይጻፍም፣ ገጽ አይቀደድም፤ የተሳሳተው በአንድ መስመር ተሰርዞ ይታያል እንጂ አይጠፋም። የሪኤጀንቱ የሎት ቁጥር፣ የተከፈተበት ቀን፣ ማሽኑ የትኛው እንደሆነ፣ የትኛው ናሙና በየትኛው ሳጥን በየትኛው ቀዳዳ እንዳለ ሁሉ ይመዘገባል። ፍሪዘሮቹም የራሳቸው መዝገብ አላቸው። ኢንዛይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ናሙና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል፤ ሙቀቱ በየቀኑ እየተነበበ ይጻፋል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ተነሳ ወይ ብሎ የሚሮጠው፣ በዓል ቀን ሳይቀር ስልክ የሚደወልለት፣ ይሄው የላብ ሠራተኛ ነው። የ80ው ፍሪዘር መብራት ሲጠፋ ዋናው ሕግ በሩን አለመክፈት ነው። "ቀዝቅዞ ይሆን?" ብሎ ለማየት መክፈት ራሱ ቅዝቃዜውን ያስወጣዋል።

ሪኤጀንትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ የውጭ ምንዛሪ ይጠብቃል፣ ጉምሩክ ይጠብቃል፣ በበረዶ ታሽጎ መጥቶ አየር ማረፊያ ላይ ከዘገየ ደግሞ ይበላሻል። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለ ጎበዝ የላብ ሠራተኛ የሚለየው አንዱ ነገር ከወራት በፊት አስልቶ ማዘዙ፣ ያለችውንም ሪኤጀንት በትንንሽ ቱቦ ከፋፍሎ ማስቀመጡ ነው። ይህን ውጭ አገር የተማሩ ሰዎች ተመልሰው ሲመጡ እንደ አዲስ ነው የሚማሩት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጥቀስ። ፒሲአር ውስጥ ያለው ኢንዛይም፣ ታክ የምንለው፣ 95 ዲግሪ ድረስ ሲሞቅ የማይበላሸው የመጣው ፍል ውኃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ስለሆነ ነው። ባክቴሪያውን አሜሪካ ውስጥ የሎውስቶን በተባለው ፓርክ ካሉት ፍል ውኃዎች ቶማስ ብሮክ ከሐድሰን ፍሪዝ ጋር ሆነው አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተሙት። ሐድሰን ፍሪዝ ያኔ ማን ነበር? በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ በብሮክ ላብ ውስጥ የሚሠራ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ! ፒሲአር ራሱ የታሰበው ከዓመታት በኋላ በ1983 ነው፤ ካሪ ሙሊስ በ1993 ኖቤል የተሸለመበት ማለት ነው። "የባችለር ተማሪ ላብ ገብቶ ምን ይፈይዳል፣ ዕቃ ከማጠብ በቀር" የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሟችሁ ይህን ንገሯቸው። ዕቃ ማጠቡም ግን አለ፤ አልዋሽም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ዩኒቨርሲቲው ወይም ኢንስቲትዩቱ በራሱ በጀት የሚቀጥራቸው ቋሚ ሠራተኞች አሉ። ብዙው የምርምር ሥራ ግን የሚቆመው በፕሮጀክት ነው። አንድ ተመራማሪ ፕሮፖዛል ይጽፋል፤ ካሸነፈ ለሁለት፣ ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት ገንዘብ ያገኛል፤ ሠራተኛውም ለዚያው ጊዜ ይቀጠራል። ኮንትራቱ ላይ ብዙ ጊዜ "ፕሮጀክቱ እስከሚያልቅ" የሚል ቃል አለ። ክፍያው ከመንግሥት ደመወዝ ሊሻል ይችላል፣ ዋስትናው ግን ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2025 ይህ ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ ታየ። አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን በጃንዋሪ አቆመች፤ በሜይ ደግሞ የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ለውጭ አገር አጋሮች የሚተላለፈውን የምርምር ገንዘብ አሠራር እንደማይቀጥልበት አስታወቀ። በእንዲህ ያለው ገንዘብ ላይ የተንጠለጠለ ሠራተኛ ሥራውን ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ የሚቀጥለው ዓመት በእጁ አይደለም። ይህን አውቆ መግባትና ሳያውቁ መግባት ይለያያል።

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ነገር ይኸው ነው፤ ናሙናው የት ይሄዳል? ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሚሠራ ፕሮጀክት ናሙና ወደ ውጭ የሚላክበት ውል አለ፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ያየዋል። ላኪውና ተቀባዩ ሁለቱም ሕጋዊ ሊሆኑ ይችላሉ። ለተቀጣሪው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ደሙ እዚህ ተወስዶ ዲኤንኤው ውጭ የሚነበብ ከሆነ የእናንተ ሥራ መሰብሰብ፣ ማድረቅ፣ ማሸግና መላክ ነው። ይህ የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ ከላይ እንዳየነው በደንብ ያልደረቀ ወረቀት ጥናቱን ሁሉ ገደል ይከታል። ሁለት ዓመት እሱን ብቻ ሠርቶ የወጣ ሰው ግን በሚቀጥለው ማስታወቂያ ላይ "የሞለኪውላር ቴክኒክ ልምድ" ሲባል የሚጽፈው የለውም። በእኔ አስተያየት በዚህ ዘርፍ ለጀማሪ ትልቁ ጉዳት ይሄ ነው፤ ከደመወዝ ማነስም ይብሳል። ስለዚህ ለኢንተርቪው ስትገቡ ጠያቂዎቹን ለመጠየቅ አትፈሩ። ዲኤንኤ የሚወጣው እዚህ ነው ወይ? ሲኩዌንሲንጉስ? ዳታውን የሚተነትነው ማነው፣ እኛስ እንማራለን ወይ? ጽሑፉ ሲታተም ስም የሚገባው በምን መስፈርት ነው? ደህና ተመራማሪ በዚህ አይቀየምም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። የሚቀየም ካጋጠማችሁ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለፍትሕ ያህል፣ የመስክ ሥራ ባይኖር ላቡም ባዶ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችውን ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ያገኟት ትንኝ ሊሰበስቡ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ ማንነቷን ያረጋገጠው ደግሞ የዲኤንኤ ሲኩዌንስ ነው። ይህቺ ትንኝ እንደ ሌሎቹ ገጠር ብቻ አትኖርም፤ ከተማ ውስጥ በውኃ ታንከርና በበርሜል ትራባለች። በ2022 መጀመሪያ ድሬዳዋ ላይ በበጋ ወባ ሲነሳ ከጀርባው እሷ እንደነበረች የአህሪ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። መስክ የወጣው ሰው ላቡን ቢያውቅ፣ ላብ ያለው መስኩን ቢያውቅ የት በደረስን!

ስለ ውጭ አገርም በአጭሩ። አሜሪካ በየዩኒቨርሲቲው በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር የላብ ቴክኒሺያን ሥራ አለ፤ ብዙዎቹ አንድ ሁለት ዓመት ሠርተው ወደ ፒኤችዲ ወይም ሕክምና ትምህርት ይሄዳሉ። ከእኛ አገር የሚሄዱት ግን በብዛት የሚገቡት በተማሪነት ነው፤ በባዮሜዲካል ዘርፍ የፒኤችዲ ተማሪ ትምህርቱ ተከፍሎለት አበልም ያገኛል። ከፒኤችዲ በኋላ ፖስትዶክ ይመጣል። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት ለጀማሪ ፖስትዶክ በ2025 የበጀት ዓመት ያወጣው አበል 62,232 ዶላር ነበር። ወደ ብር ሲመታ የሚያስጎመጅ ቁጥር ነው፤ ቦስተን ወይም ሳን ፍራንሲስኮ የቤት ኪራይ የከፈለ ሰው ግን ሌላ ይነግራችኋል። እዚያም ቢሆን ሥራው በፕሮጀክት ገንዘብ ላይ የቆመ ነው፤ በዚህ በኩል ከእኛ አይሻሉም።

የሚቀጥለው ሴሚስተር የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የምንመርጥበት ነው። በዲፓርትመንታችን ላብ ፒሲአር መሥራት ለምትፈልጉ፣ አድቫይዘራችሁን ከማናገራችሁ በፊት የትኛውን ኮንትሮል እንደምትጠቀሙና ውኃ ብቻ ያለበት ቱቦ መስመር ቢያሳይ ምን እንደምታደርጉ በአንድ ገጽ ጻፉና ይዛችሁ ግቡ። የላብ ደብተሩን ከስቴሽነሪ ስትገዙ ደግሞ ገጹ በክር የተሰፋውን ምረጡ፤ ቅጠሉ የሚነቀለው አይሆንም።